ከርሰ ምድር በጠረጴዛ ላይ

ጊዜው ሐምሌ 1846 ነው፤ በዚህ ዘገባ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ሮበርት ቡንሰን አይስላንድ ውስጥ ታላቁ ጌይሲር በሚባለው ፍልውሃ አፍ ላይ ቆሞ ቴርሞሜትር በገመድ ቁልቁል ይለቃል። ከፊቱ ያለው ጉድጓድ ወደ 23 ሜትር የሚጠልቅ፣ 3 ሜትር ያህል የሚሰፋ ቀጥ ያለ ቧንቧ ነው፤ አፉ ላይ ከ16 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ገንዳ አለ። ውሃው ለሰዓታት ጸጥ ይላል። ከዚያ ከሥር ጉርምርምታ ይሰማል፣ ገንዳው ይርገበገባል፣ የፈላ ውሃና እንፋሎት ዐምድ ሠርቶ ሽቅብ ይወረወራል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ገንዳው ባዶውን ይቀራል፤ ቧንቧው ቀስ እያለ ይሞላል፤ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል።

ቡንሰንና ባልደረቦቹ ወደ ደሴቲቱ የመጡት ከአንድ ዓመት በፊት ሄክላ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ስለነበር ነው። ጌይሲሩ ግን ያዛቸው። ቡንሰን ከፈረንሳዊው ባልደረባው ከአልፍሬድ ዴክሎዞ ጋር ሆኖ፣ ፍንዳታው ሊጀምር ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ሳይቀር፣ የውሃውን ሙቀት በየጥልቀቱ ለካ። ያገኘው ነገር በጊዜው የነበረውን ግምት ሁሉ የሚያፈርስ ሆነ፤ በቧንቧው ውስጥ የፈላ ውሃ የለም። ከታች ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቢሆንም በላዩ የተጫነው የውሃ ክብደት እንዳይፈላ ይዞታል። ከወለሉ 9 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተለካው ሙቀት 121.8 ዲግሪ ነበር፤ በዚያ ጥልቀት ውሃ የሚፈላው ደግሞ በ123.8 ነው። የቀረው ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። አሁን ይህ ውሃ ከታች በመጣ እንፋሎት ተገፍቶ ሁለት ሜትር ያህል ሽቅብ ቢል፣ በላዩ ያለው ጫና ይቀንሳል፣ የመፍያው ነጥብ ወደ 120.8 ይወርዳል፤ ውሃው ሙቀት ሳይጨመርለት ከመፍያው ነጥብ በላይ ሆኖ ይገኛል። ወዲያው ይፈላል። የወጣው እንፋሎት የላይኛውን ውሃ ገፍቶ ያፈስሳል፣ ጫናው ይበልጥ ይቀንሳል፣ የታችኛውም በተራው ይፈላል። ቡንሰን ድንጋዮችን በተለያየ ጥልቀት አንጠልጥሎ ግምቱን ፈተሸው፤ ላይ ያሉት ሲወረወሩ ወለሉ አጠገብ የነበሩት ከቦታቸው አልነቃነቁም። ጉልበቱ የሚፈጠረው ከቧንቧው መካከል እንጂ ከሥሩ አይደለም ማለት ነው።

ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ሐሳብ ነው። አይስላንድ ሄዶ ቧንቧውን ማሳጠር ወይም እሳቱን ማንቀሳቀስ አይቻልም። ከዓመታት በኋላ፣ በ1860ዎቹ መጀመሪያ፣ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንደል ለንደን ውስጥ ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሚባለው ተቋም አዳራሽ ስለ ሙቀት ሲያስተምር ጌይሲሩን ይዞ መጣ። ይዞ የመጣው 1.8 ሜትር የሚረዝም የብረት ቧንቧ ነበር። አናቱ ላይ ገንዳ፣ ከሥሩ እሳት፣ ከወለሉ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ደግሞ ቧንቧውን የከበበ ሁለተኛ እሳት አለው። ሁለተኛው እሳት ያለ ምክንያት አልተጨመረም፤ ቡንሰን ውሃውን ለመፍላት እጅግ ተቃርቦ ያገኘበትን ያን የመካከል ቦታ ይወክላል። ታዳሚው ተቀምጦ ጠበቀ። በየአምስት ደቂቃው ገደማ ውሃው እየተንደቀደቀ ወደ አዳራሹ አየር ይወጣ ጀመር፤ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ሲወድቅ ይቀዘቅዛል፣ ወደ ቧንቧው ይገባል፣ ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፤ ከዚያ እንደገና።

የቲንደል ቧንቧ አይስላንድን አይመስልም። ድንጋይ የለበትም፣ የሲሊካ ማዕድን ቅርፊት የለበትም፣ ከተራራ የሚወርድ የከርሰ ምድር ውሃም የለበትም። ቢሆንም ይፈነዳል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ቁጥሩን ማየት ያስፈልጋል። ታላቁ ጌይሲር ወለሉ ላይ ውሃ የሚፈላው በ136 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከአፉ ጋር ያለው ልዩነት 36 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በቲንደል ቧንቧ ውስጥ ግን ልዩነቱ ከአራት ዲግሪ ተኩል ብዙም አያልፍም። ቁመቱ 13 እጥፍ ያህል ሲያንስ የሙቀት ልዩነቱ ያነሰው 8 እጥፍ ብቻ ነው። አንዱን ነገር ባሳነስን ቁጥር ሌላው በዚያው ልክ አያንስልንም። ይኸው ቧንቧ አዲስ አበባ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ቢተከል ደግሞ ውሃው አፉ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቁጥሮቹ ሁሉ ሌላ ይሆናሉ። የፊዚክስ መምህር የሆነ አንባቢ ይህን ሙከራ ከተማሪዎቹ ጋር ቢሠራው የለንደኑን ቁጥር እንዳይጠብቅ።

እስካሁን ታሪኩ የቡንሰን ድል ይመስላል። የመማሪያ መጻሕፍት እንደዚያው አድርገው ነው የተቀበሉት። ቡንሰን ያሸነፈው ሰው ስኮትላንዳዊው ሰር ጆርጅ ማኬንዚ ነበር። ማኬንዚ በ1810 አይስላንድን ጎብኝቶ በማግስቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከቧንቧው ጎን የተደበቀ ዋሻ እንዳለና እንፋሎት በዚያ ተጠራቅሞ ውሃውን እንደሚያስፈነጥር ጽፎ ነበር። የቲንደል ቧንቧ ያለ ምንም ዋሻ ስለፈነዳ ዋሻው አላስፈላጊ ሆኖ ተጣለ።

ከዚያ 2013 መጣ። አሌክሳንደር ቤሎውሶቭና ባልደረቦቹ በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ፣ ካምቻትካ ውስጥ፣ ሙቀት የሚቋቋም የቪዲዮ ካሜራ ወደ ጋይዘሮች (እንደ ጌይሲሩ የሚፈነዱ ፍልውሃዎች) ጉድጓድ አውርደው ያዩትን አሳተሙ። ከቧንቧው ጎን የተንጠለጠሉ ዋሻ መሰል ክፍሎች አሉ፤ እንፋሎቱ ጣራቸው ሥር ይጠራቀማል፤ ክፍሉ ሲሞላ ወደ ቧንቧው ይፈስሳል። የማኬንዚ ዋሻ ነው። ቡና ስታፈላ የኖረች ሴት ይህን ለማመን ካሜራ አያስፈልጋትም፤ ሆደ ሰፊና አንገተ ቀጭን የሆነው ጀበና ሊገነፍል ሲል መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ እየተፋ ያስጠነቅቃል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይወጣል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ያሉ ተመራማሪዎች በማግስቱ ዓመት እንፋሎት የሚይዝ ጎባጣ ክፍል ያለው የመስታወት ጋይዘር ሠርተው ተመሳሳይ ነገር አሳዩ፤ ከትልቁ ፍንዳታ በፊት የሚመጡት ትናንሽ ግፊቶች የላይኛውን ውሃ እያሞቁ ለትልቁ ያዘጋጁታል።

እንግዲህ ዋሻ የሌለው ሞዴል ይፈነዳል፤ ዋሻ ያለውም ይፈነዳል። አንድ ሞዴል መሥራቱ ብቻውን ተፈጥሮ በዚያው መንገድ ትሠራለች ማለት አይደለም፤ በዚያ መንገድ መሥራት እንደሚቻል ብቻ ነው የሚያሳየው። ቲንደል ይህን ልዩነት የሳተ አይመስለኝም። ከእሱ በኋላ የመጡት የመማሪያ መጻሕፍት ግን ስተውታል፣ ለ150 ዓመት።

ምን ይነስ፣ ምን ይቅር

የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል የሚፈልግ ሰው የሚያስጨንቀው ጋይዘሩ ሳይሆን ከጋይዘሩ ሥር ያለው ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ትኩስ አለት አለ፤ በአለቱ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች ውሃ ይዘዋወራል፤ የሞቀው ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። ይህን ዑደት አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ያለን ጥቂት ጉድጓዶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ተራራውን አሳንሰን እንሥራው» ቢል ምን ይገጥመዋል? ድንጋይና ውሃ በትልቅ ሣጥን አድርጎ ከሥር ቢያሞቅ ምንም አይሆንለትም። ውሃ በእውነተኛው አለት ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በዓመት ምናልባት በሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት ነው፤ በአንድ ሜትር ሣጥን ውስጥ እውነተኛውን አለት ካስቀመጡ ሙቀቱ ውሃውን ሳይጠብቅ በአለቱ በኩል ብቻ ሾልኮ ያልፋል። መልኩን የጠበቀ ሞዴል ጠባዩን ያጣል። ጠባዩን ለመጠበቅ መልኩን መተው የግድ ነው።

መፍትሔው የመጣው ስለ ከርሰ ምድር ምንም ካላሰበ ሰው ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሴልቢ ሄሌ ሾው በ1898 ሁለት መስታወት እጅግ አቀራርቦ በመካከላቸው ፈሳሽ በማሳለፍ የመርከብ ቅርጽ ዙሪያ የሚፈጠረውን ፍሰት አሳየ። በኋላ እንደታየው፣ በሁለት መስታወት መካከል ባለው ቀጭን ክፍተት የሚሄድ ፈሳሽ የሚታዘዘው ሕግ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በ1856 በአሸዋ ውስጥ ለሚያልፍ ውሃ ያገኘው ሕግ ነው። ስለዚህ ሁለት መስታወት አለት ሊሆኑ ይችላሉ። ክፍተቱ የአለቱን ውሃ የማሳለፍ አቅም ይወክላል፤ ክፍተቱን ማጥበብ አለቱን ማጠንከር ነው። አለት በማይታይበት ቦታ ደግሞ መስታወት ይታያል፤ ቀለም የተጨመረበት ውሃ ሽቅብ ሲወጣ፣ ሲታጠፍ፣ ሲወርድ በዓይን ይከታተሉታል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ከሥር በሞቀ አለት ውስጥ ውሃ መዘዋወር ይጀምር እንደሆነ የሚወስነው በእንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ በሎርድ ሬይሊ ስም የሚጠራ አንድ ቁጥር ነው። የአለቱ ውፍረት፣ ውሃ የማሳለፍ አቅሙና የሙቀት ልዩነቱ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ውሃው ለመፍሰስ ያለው እምቢታና ሙቀት በአለቱ የሚሰራጭበት ፍጥነት ዝቅ ያደርጉታል። ቁጥሩ ከ40 በታች ከሆነ ውሃው ባለበት ይቆማል፤ ከ40 ሲያልፍ ዑደት ይጀምራል። ይህ ወሰን በ1940ዎቹ በስሌት ተገኘ። ውፍረቱ አንድ ኪሎ ሜትር የሆነ፣ መካከለኛ ስንጥቅ ያለው፣ ከታች ከላይኛው በ200 ዲግሪ የሚሞቅ አለት ብንወስድ ቁጥሩ 100 አካባቢ ይመጣል። 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ክፍተቱ ከሚሊ ሜትር ሲሶ የማይሞላ፣ ከሥሩ በ10 ዲግሪ ብቻ የሚሞቅ የመስታወት ሞዴልም 100 አካባቢ ይመጣል። አንዱ ተራራ ነው፣ ሌላው በጠረጴዛ ላይ የቆመ ሁለት መስታወት። ለውሃው ግን ያው አንድ ናቸው።

ጊዜውም ይታጠፋል። በአንድ ኪሎ ሜትር አለት ውስጥ ሙቀት ከወለል እስከ ጣራ ለመስረግ 30,000 ዓመት ያህል ሲፈልግ በ10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ አንድ ቀን አይሞላም። ጠዋት ማሞቂያውን የከፈተ ተመራማሪ ማታ ሲዘጋው የበረዶ ዘመንን የሚያህል ጊዜ አልፎለታል። የመስታወቱ የራሱ ሙቀት አስተላላፊነት ግን ስሌቱን ያበላሻል፤ መስታወት ሙቀቱን ሰርቆ ወደ ጎን ያወጣዋል፤ ይህን መዛባት ለማረም ሲሉ ብዙ ገጽ ያጠፉ አሉ።

ይህን መንገድ በቁም ነገር የያዙት ኒውዚላንዶች ናቸው፤ ምክንያትም ነበራቸው። በዋይራኬይ በ1950 ቁፋሮ ጀምረው በ1958 የኃይል ማመንጫውን ሲከፍቱ፣ በዚያ መጠን ከደረቅ እንፋሎት ይልቅ ትኩስ ውሃ ከሚሰጥ መስክ ኃይል ያወጣ ሌላ አገር አልነበረም። የሚያወጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚያልቅ የሚጠይቁት አልነበራቸውም። ሮቢን ዉዲንግ በ1950ዎቹ የዋይራኬይን ፍሰት በስሌት መርምሮ በኋላ በመስታወት ሞዴል ፈተሸው፤ ጆን ኤልደር በ1967 ባሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ከሥር በከፊል ሲሞቅ የሚነሡትን የትኩስ ውሃ ዐምዶች በመስታወት መካከል አሳየ። የዐምዶቹ አናት እየሰፋ፣ እየተሰነጠቀ፣ እየተዋዋጠ ይሄዳል፤ ወለሉ በሙሉ ቢሞቅም ውሃው የሚወጣው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ለቆፋሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሬቱ በሙሉ ትኩስ መሆኑ ጉድጓዱ የትም ቢቆፈር ይሳካል ማለት አይደለም። በሁለት ዐምዶች መካከል የቆፈረ ሰው የሚያገኘው ወደ ታች የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ሞዴሉ ያልነገራቸው ነገርም ነበር። ዋይራኬይ አጠገብ የነበረው የጋይዘር ሸለቆ ኃይል ማውጣቱ ከተጀመረ በኋላ ደረቀ፤ በመስኩ አንድ ክፍል መሬቱ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ 15 ሜትር ሰመጠ። መስታወት አይሰምጥም። ያላስገቡበትን ነገር ሞዴሉ ሊያሳያቸው አይችልም ነበር።

ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ የሠራው ሞዴል መስኩ መቼ ያልቃል ለሚለው ጥያቄ ሌላ አቅጣጫ ሰጠ። መስታወት ትተው ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ድንጋይ ሞሉ፣ በጫና አሞቁት፣ ከዚያ ከታች ቀዝቃዛ ውሃ እያስገቡ ከላይ ትኩሱን አወጡ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ ያገለገለውን ውሃ መልሰን ወደ ጉድጓድ ብንከት ከአለቱ ስንት ሙቀት እናወጣለን? መልሱ የተንጠለጠለው በድንጋዩ መጠን ላይ ነው። ሃያ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ድንጋይ ሙቀቱን በሰዓታት ይለቃል። በስንጥቅና በስንጥቅ መካከል መቶ ሜትር ስፋት ያለው አለት ግን ከመካከሉ ያለውን ሙቀት ለመስጠት ሰማንያ ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ጊዜው የሚያድገው በስፋቱ ልክ ሳይሆን ስፋቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነውና። ስለዚህ በጋኑ ውስጥ ውሃውን ማፍጠን፣ ሰዓቱን ማሳጠር ነበረባቸው። ስንጥቁ የተራራቀ መስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በብዛት የሚመልስ ማመንጫ ውሃው አለቱን ሳያቅፍ አልፎ ወደ አምራች ጉድጓዱ ቀዝቅዞ ይደርስበታል።

ዛሬ ይህ ሁሉ በኮምፒውተር ይሠራል። እኔም ቢሆን የድንጋይ ጋን ተመልሶ ይምጣ አልልም። አንድ ነገር ግን መጥቀስ ተገቢ ነው፤ የኤልደር መስታወት ዛሬ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ ፕሮግራሞች የሚፈተኑበት መለኪያ ሆኗል። ይኸው ፈተና በሌላ መልኩ፣ በሙቀት ፋንታ በጨው ተዘጋጅቶ፣ ለፕሮግራሞቹ ሲቀርብ የተለያዩ ፕሮግራሞች፣ አንዳንዴም ያው ፕሮግራም በተለያየ የስሌት ጥራት፣ የዐምዶቹን ቁጥር የተለያየ አድርገው ይመልሱለታል።

የእኛው ስምጥ ሸለቆ በፍሎረንስ

ከሞዴሎች ሁሉ ለኢትዮጵያ የቀረበው ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ ስብራት የሚናገረው ነው።

የአሸዋ ሞዴል ቀላል ይመስላል። ደረቅ አሸዋ በንብርብር በቀለም ይደረደራል፤ ከሥሩ ሲሊኮን የተባለው የሚለጠጥ ሊጥ መሰል ነገር ይተኛል፤ ከሥር ያለው ሉህ በሞተር ቀስ ብሎ ይሳባል። አሸዋው የላይኛውን ተሰባሪ አለት፣ ሲሊኮኑ የታችኛውን ሞቃት፣ ተለጣጭ አለት ይወክላል። ለምን አሸዋ? አሜሪካዊው ኪንግ ሃበርት በ1937 ባሳተመው ጥናት መልሱን አስቀምጦታል። አንድ ኪሎ ሜትርን በአንድ ሴንቲ ሜትር ከወከልን መቶ ሺህ ጊዜ አሳንሰናል፤ ክብደቱ ብዙ ስላልተለወጠ ጥንካሬውም መቶ ሺህ ጊዜ ማነስ አለበት። ጠንካራ አለት መቶ ሺህ ጊዜ ሲደክም ደረቅ አሸዋ ይሆናል። ድንጋይን በድንጋይ የሚወክል ሞዴል ምንጊዜም ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትንሽ ተራራ ከድንጋይ ቢሠራ ለመጠኑ እጅግ ጠንካራ ሆኖ አይሰበርም።

ሌላው መንገድ ቁሱን ከማድከም ይልቅ ስበቱን ማብዛት ነው። ስዊድን ውስጥ፣ በኡፕሳላ፣ ሃንስ ራምበርግ በ1960ዎቹ ሞዴሎቹን በሚሽከረከር ማሽን ላይ አድርጎ ከመሬት ስበት በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይስባቸው ነበር። በዚህ ዓይነት ማሽን ላይ ነው በፍሎረንስ ያለው የጣሊያን ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባልደረባ ጃኮሞ ኮርቲ የኢትዮጵያን ስምጥ ሸለቆ ያሽከረከረው።

ጥያቄው የቆየ ነው። ከአዋሽ ሸለቆ እስከ ሐዋሳ አካባቢ የሚዘልቀው ዋናው ስምጥ ሸለቆ ሁለት ዓይነት ስብራት አለው። ዳርና ዳር ያሉት ታላላቅ ገደሎች፣ መሬቱን በሺህ ሜትር ደረጃ ያወረዱት፣ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ከመካከሉ ያሉት፣ ጂኦሎጂስቱ ፖል ሞር በወንጂ ስም የጠራቸው ቀጫጭን ስብራቶች ደግሞ ከዳሮቹ ዘወር ብለው፣ ወደ ሰሜን ቀረብ ብለው ተሰልፈዋል። ዳሮቹ የጀመሩት ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ የወንጂው ቀበቶ ባለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ነው። አቅጣጫቸው ለምን ተለያየ? ብዙ ጂኦሎጂስቶች ሸለቆው የሚሳብበት አቅጣጫ በመካከሉ ተለውጧል ብለው ነበር፤ የመሳቢያው አቅጣጫ ከተለወጠ ስብራቱም ይለወጣልና።

ኮርቲ በሞዴሉ ላይ አቅጣጫውን አልለወጠም። ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ አስቀድሞ የደከመውን የሸለቆ መስመር ከሚሳብበት አቅጣጫ ጋር ሰያፍ አድርጎ አስቀመጠውና ያለማቋረጥ በአንድ አቅጣጫ ሳበው። መጀመሪያ የዳር ስብራቶቹ ተከፈቱ፣ ወለሉ ሰመጠ። ከዚያ የታችኛው ንብርብር እየሳሳ ሲሄድ የዳሮቹ ስብራቶች እየደከሙ ቆሙ፤ ከመካከል ከሚሳብበት አቅጣጫ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን የቆሙ፣ እርስ በርስ እየተደራረቡ የሚሰለፉ አዳዲስ ስብራቶች ብቅ አሉ። የወንጂ ቀበቶ ነው። ጥናቱ በ2008 ታተመ። የአህጉር ሳህኖቹ አቅጣጫ መለወጥ አላስፈለገም፤ ሰያፍነቱ ራሱ በቂ ነበር። ዛሬ ሳተላይት የሚለካው እንቅስቃሴ፣ የምሥራቁ ክፍል በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ መሄዱ፣ ከዚህ ጋር አይጋጭም።

ይህ ሞዴልም እንደ ቲንደል ቧንቧ «እንዲህ ሊሆን ይችላል» ነው የሚለው። ነገር ግን ከቲንደል የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ አንድ መልክ ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተልም ይተነብያል፤ መጀመሪያ ዳር፣ በኋላ መካከል፤ ሰያፍነቱ በሚለያይበት በሰሜንና በደቡብ ደግሞ የተለያየ አሰላለፍ። ጂኦሎጂስት ሜዳ ወርዶ የድንጋዩን ዕድሜ ለክቶ ሊያፈርሰው ይችላል። ለማፍረስ የሚመች ሞዴል ከሚያምር ሞዴል ይሻላል።

ለኃይል ማመንጫ ይህ ምን ይጠቅማል? አሉቶ፣ ቱሉ ሞዬ፣ ቦሰት፣ ፈንታሌ፣ ኮርቤቲ የተባሉት እሳተ ገሞራዎች ሁሉ የተቀመጡት በሸለቆው ወለል፣ ከወንጂ ስብራቶች ጋር ተያይዘው ነው። ማግማው (የቀለጠው አለት) የሚወጣበት፣ ውሃውም የሚዘዋወርበት በር እዚያ ነው። ማግማ በስብራት አቅጣጫ እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳዩ ሌሎች ሞዴሎችም አሉ፤ ጄላቲን በሣጥን ረግቶ ቀለም ያለው ፈሳሽ ከሥሩ ሲወጋ ፈሳሹ ከሚሳብበት አቅጣጫ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ስስ ግድግዳ ሆኖ ይሰነጥቀዋል። መስከረም 2005 በአፋር፣ ዳባሁ ላይ የሆነው ይኸው ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የማግማ ግድግዳ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር አራራቀው።

አሉቶ ላይ

አሉቶ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የቆመ ተራራ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ተራራ አይመስልም፤ ሰፊ ጉብታ ነው፣ ጥቁር የሚያብረቀርቅ የእሳተ ገሞራ መስታወት የተበተነበት፣ ከየጥጉ እንፋሎት የሚተፋ። በኢትዮጵያ የከርሰ ምድር እንፋሎት ፍለጋ በ1969 ተጀምሮ አሉቶ ከቀዳሚዎቹ ተመረጠ። ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተራራው እግር ሥር ነበሩ፤ ጥልቅ ቢሆኑም ለኃይል የሚበቃ ሙቀት አልሰጡም። ከዚያ ቁፋሮው ወደ ላይ ወጣ። በስብራቱ መስመር ላይ የተቆፈሩት ሦስተኛውና ስድስተኛው ከ300 ዲግሪ በላይ ሰጡ። ሌሎቹ ጥቂት ራቅ ብለው አንድ ያልተለመደ ነገር አሳዩ፤ ወደ ታች ሲወረድ ሙቀቱ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይቀንሳል። ትኩሱ ውሃ በስብራቱ ሽቅብ ወጥቶ በጎን እየተንሸራተተ ይሄዳል ማለት ነው፤ በእነዚያ ጉድጓዶች ሥር ምንጩ የለም፣ ከላይ የሚያልፈው ብቻ ነው ያለው። የኤልደርን መስታወት ያየ ሰው ይህን ቅርጽ ያውቀዋል፤ ዐምዱ ጣራው ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይታጠፋል።

በ1998 በእነዚያ ጉድጓዶች ላይ 7 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ የሙከራ ማመንጫ ተተከለ። ከ2013 በኋላ የተቆፈሩት ሁለት አዳዲስ ጉድጓዶች፣ ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጉ፣ ከቀድሞዎቹ በአንድ ነገር ይለያሉ፤ ቀጥ ብለው አልወረዱም። ሰያፍ ነው የተቆፈሩት። የወንጂ ስብራቶች ወደ ቀጥ ያለ ግድግዳ የተጠጉ ስለሆኑ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ከስብራቱ ጎን ለጎን ሳይነካው ኪሎ ሜትሮችን ሊወርድ ይችላል፤ ሰያፍ ጉድጓድ ግን ደጋግሞ ይቆርጣቸዋል።

ይህ በአሸዋው ሣጥን ላይ በዓይን ይታያል። በአሸዋው ላይ የማይታየው ስብራቱ ክፍት ይሁን ዝግ ነው። ትኩስ ውሃ አለቱን አሟሙቶ የያዛቸውን ሲሊካና ካልሳይት የተባሉ ማዕድናት ሲቀዘቅዝ፣ ሲፈላ ይጥላቸዋል፤ ስብራቱን በዘመናት ይደፍነዋል። ከዚያ የመሬት መንቀጥቀጥ ይከፍተዋል፣ ውሃው መልሶ ይደፍነዋል። በፍሎረንስ የሚሽከረከረው ሞዴል ኬሚስትሪ የለበትም፤ የኤልደር መስታወት ስብራት የለበትም፤ የስታንፎርዱ ጋን ድንጋዮቹ በእጅ የተደረደሩ ነበሩ። ሦስቱን በአንድ ሣጥን ያዋሃደ የለም፤ የሚለኩበት ሚዛን አይገጥምምና። ለስብራቱ ትክክል የሆነው ማሳነስ ለውሃው ስህተት ነው፤ ለውሃው ትክክል የሆነው ለሲሊካው። ስለዚህ የአሉቶ መሐንዲስ ስብራቱን ከአንዱ፣ ፍሰቱን ከሌላው፣ የሙቀት ዕድሜውን ከሦስተኛው ወስዶ ቦታ ይመርጣል፤ የተመረጠው ስብራት ተደፍኖ እንደሆነ የሚታወቀው ግን መሰርሰሪያው ሲደርስበት ነው።